የፋየርፎክስ ፓስዎርድ ጠፍቶ ቡክማርኩ የተረፈበት መንገድ

የአጎቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ ያስተምራል። አዲስ ስልክ ገዝቶ ፋየርፎክስ የተባለውን የኢንተርኔት ብሮውዘር ሲጭን የአካውንቱ ፓስዎርድ ጠፋው። ለዓመታት ያጠራቀመው ቡክማርክ (ያስቀመጣቸው የድረ ገጽ አድራሻዎች) እዚያ ነው። "ፓስዎርድ ረሳሁ" የሚለውን ሊጫን ሲል ደወለልኝ።

"ቆይ፣ እንዳትነካው!" አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋየርፎክስ ሲንክ (ቡክማርክና ፓስዎርዳችንን በየመሣሪያችን አንድ የሚያደርገው አገልግሎት) ዳታችንን የሚቆልፈው ከራሳችን ፓስዎርድ በሚመነጭ ቁልፍ ነው። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ራሱ ከፍቶ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ያለ መልሶ ማግኛ ቁልፍ (ፓስዎርድ ሲጠፋ ዳታውን የሚከፍት፣ ቀድሞ የሚወጣ ኮድ) ፓስዎርዱን ከቀየሩት ሰርቨሩ፣ ማለትም የሞዚላ ኮምፒውተር፣ ላይ ያለው ዳታ ሊጠፋ ይችላል። አካውንቱ ይመለሳል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ደግነቱ ደብረ ማርቆስ እናቱ ቤት የተወው ላፕቶፕ አለ። ሁለት የኪቦርዱ ቁልፎች ወልቀዋል፣ ባትሪው ሞቷል፤ ፋየርፎክሱ ግን ሙሉ ነው። ቅዳሜ መጣና ከፈትነው። መብራት ሳይሄድብን ቶሎ ቡክማርኮቹን በኤችቲኤምኤል ፋይል ወደ ፍላሽ አወጣን። የተቀመጡ ፓስዎርዶቹን ደግሞ በሲኤስቪ፣ ማለትም ባልተቆለፈ የሰንጠረዥ ፋይል። ይሄኛውን ፋይል ማንም ከፍቶ ያነበዋል፤ ሥራው እንዳለቀ አጥፉት።

ከዚያ በኢሜይል በመጣው ማረጋገጫ ፓስዎርዱን ቀየረ። በአዲሱ መጀመሪያ የገባነው ላፕቶፑ ላይ ነው። ያለውን ሁሉ ወደ ሰርቨሩ መልሶ ጫነ። ስልኩ ሲከተል ቡክማርኩ ዱብ ዱብ እያለ መጣ።

መልሶ ማግኛ ቁልፉንም ከአካውንቱ ሴቲንግ አወጣን። ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፎታል። ፎቶ አንስቶ እዚያው ስልኩ ላይ ማስቀመጡን ግን አልወደድኩለትም።