ለአንጀት ቁጣ፦ ምግቡን መልሶ ማስገባት ከመተው ይበልጣል

አይቢኤስ (ሆድ ቁርጠት፣ መነፋት፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት የሚያመላልሰው የአንጀት ቁጣ) እንዳለብኝ ካወቅሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ «እሱን ተው፣ ያንንም ተው» ይለኛል። መተውማ ቀላል ነው። ዋናው ሥራ መልሶ ማስገባቱ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ሐኪም ይያችሁ። ሰገራ ላይ ደም፣ ያለምክንያት መክሳት፣ የደም ማነስ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ ነገሩ በምግብ ብቻ አይታለፍም። የሴሊያክ (ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ምርመራውንም ስንዴ ሳታቆሙ አድርጉት፤ ካቆማችሁ በኋላ በሽታው ቢኖርም ላይታይ ይችላል።

እኔ የተከተልኩት በአውስትራሊያ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተጠናውን ሎው ፎድማፕ የተባለ፣ ፎድማፕ የሚቀነስበትን አመጋገብ ነው። ፎድማፕ የሚባሉት ትንሹ አንጀት በቅጡ የማይመጥጣቸው የስኳር ዓይነቶች ናቸው። ውሃ ይስባሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ደግሞ ባክቴሪያ ያብላላቸውና ጋዝ ይፈጠራል። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ወተት፣ ማር፣ ፖምና ስኳር አልባ ማስቲካ ይቆማሉ። ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ዓሣ ይበላሉ። ከዚያ በላይ አታራዝሙት፤ ለአንጀት የሚበጁት ባክቴሪያዎችም ቀለባቸው ያው የተተወው ምግብ ነው።

ሲመለስ አንድ በአንድ ነው። ወተትን ብትሞክሩ፣ የመጀመሪያው ቀን ሩብ ብርጭቆ፣ በማግስቱ ግማሽ፣ በሦስተኛው ሙሉ፤ ሌላው ምግብ እንዳለ ይቆያል። ሁለት ሦስት ቀን አርፋችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። የበላችሁትን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣትም ሆድ ያውካሉና እነሱንም አትርሱ። እኔ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ምንም አይለኝ፤ ሙሉውን ከጠጣሁ ግን ቀበቶዬን ከጠረጴዛ ሥር እፈታለሁ። ዳቦ አንድ ቁራጭ ይስማማኛል።

ለድርቀት ፉርሽካ አይመከርም፤ ብዙ ጊዜ ይነፋል። አጃ ይሻላል፣ ቀስ እየተባለ ከውሃ ጋር። ቡናና ሻይ በቀን ከ3 ስኒ ባይበልጥ።

ነጭ ሽንኩርት ግን እስካሁን አልታረቀኝም፤ ደግነቱ መላ አለው። ሆድ የሚያውከው ፍሩክታን የተባለው የነጭ ሽንኩርቱ ፎድማፕ በውሃ ይሟሟል፣ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ የተላጠውን ፍሬ ሳልከትፍ በዘይት አቁላላለሁ፤ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን አንድ ሳይቀር ለቅሜ አወጣለሁ፤ ውሃና ሌላው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። መዓዛው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ሾርባ ውስጥ አብስሎ ማውጣት ግን ዋጋ የለውም፣ ፍሩክታኑ ከውሃው ጋር ተደባልቋል። ዘይቱን ለዕለቱ ብቻ አዘጋጁ፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከዋለ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።