ቃለ መጠይቅ ላይ የማይከፈተው ፖርትፎሊዮዬ

በሦስት ቃለ መጠይቆች የገጠመኝ አንድ ዓይነት ነው፤ የንድፍ ሥራዎቼን ያሰባሰብኩበትን የፊግማ (በኢንተርኔት የሚሠራ የንድፍ መሥሪያ) ማስፈንጠሪያዬን ስከፍት ነጭ ገጽ ላይ ክቡ ይዞራል፣ ጠያቂዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። በመጀመሪያ በቢሮዎቹ ኢንተርኔት አሳብቤ በስልኬ ዳታ ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ተቀምጬ ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩት። 180 ሜጋባይት ሆነና አሮጌው ላፕቶፔ ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ይንቀራፈፍ ጀመር።

የሠራልኝ ይህ ነው። ምስሎቹን ወደ ፊግማ ከማስገባቴ በፊት ስፋታቸውን ወደ 1920 ፒክስል አወረድኩ፤ ፒዲኤፉ 14 ሜጋባይት ሆነ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል። ቀጥሎ የመጣው ግን ከባድ ነበር፤ ከ11 ሥራዎች 8ቱን አወጣሁ። (ለአንድ የቡና ማሸጊያ እስካሁን አዝናለሁ።) በቀሩት ሦስት ሥራዎች መጀመሪያ ላይ ያለቀውን ውብ ምስል ሳይሆን የደንበኛውን ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ ከዚያ የጣልኩትን ንድፍና የጣልኩበትን ምክንያት አስከተልኩ። ጠያቂዎቹ አብዝተው የጠየቁኝም ስለዚያ ስለ ተጣለው ንድፍ ነው።

ቅጂው በፍላሽም በቴሌግራምም አለ። በአራተኛው ቃለ መጠይቅ መሃል መብራት ጠፋ፤ በላፕቶፑ ባትሪ ቀጠልኩ።