አካል ጉዳት ካለበት ልጅ ጋር መወዳደር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ወላጅ አካል ጉዳት ያለበትን ልጁን በዊልቸር እየገፋ ረጅም ርቀት ሲሮጥ የሚያይ ሰው፣ ዓይኑ የሚያርፈው ወላጁ ላይ ነው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡትም ከዚሁ ነው። ልጁም ተወዳዳሪ ነው።

ልጁን ሳይጠይቁ መወሰን። በዚህ ስፖርት ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካውያኑ አባትና ልጅ ዲክ እና ሪክ ሆይት ናቸው። ሪክ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የተነሳ እንቅስቃሴንና ጡንቻን የሚያውክ ችግር ነበረበት። መናገር ስለማይችል የሚግባባው በኮምፒውተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በአደጋ ሽባ ለሆነ አንድ ስፖርተኛ የ5 ማይል የድጋፍ ሩጫ ተዘጋጀ። እንሩጥ ብሎ የጠየቀው ሪክ ነው፤ አባቱ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከ1,000 በላይ ውድድሮች ላይ አብረው ተሰልፈዋል። ልጃችሁ የማይናገር ከሆነ በዓይኑም በእጁም በሥዕልም ይሁን፣ “አዎ” እና “አይ” የሚልበት መንገድ ፈልጉለት። “አይ” ካለ በቃ፣ አይ ነው። “ቁም” የሚልበት ምልክትም ይኑረው። ምልክቱን ልምምድ ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩት።

በቤት ዊልቸር መሮጥ። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽና ተሽከርካሪ ናቸው። ፍጥነት ሲጨምር ይርገበገባሉ፤ ትንሽ ጉድጓድ ከያዛቸው ደግሞ ወንበሩ ወደ ፊት ሊደፋ ይችላል። የሩጫ ወንበር ሦስት ጎማ አለው፤ የፊተኛው ትልቅ ነው፣ ወዲያ ወዲህ አይዞርም። የእጅ ፍሬን፣ የትከሻና የወገብ ቀበቶ ይኑረው። ወንበሩን ከእጅ አንጓችሁ ጋር የሚያያዝ ማሰሪያም አትርሱ። ቁልቁለት ላይ እጃችሁ ቢያመልጥ ወንበሩን የሚይዘው እሱ ነው።

ልጁን እንደ ሯጭ ማልበስ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እናንተ ስትሮጡ ሰውነታችሁ ይሞቃል። ልጁ ግን ቁጭ ብሎ ነፋሱን በፊቱ ይቀበላል። እናንተን ላብ ሲያጠምቃችሁ እሱ እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። ጡንቻው የሚኮማተር ልጅ ከሆነ ብርዱ ይብስበታል። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጨረሩን ሸሽቶ መዞር አይችልም። አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ላብ ይቀንሳሉ። ስለዚህ የእሱን ሙቀት በእናንተ አትለኩ። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቁሙና አንገቱንና ጀርባውን ዳስሱ። ተጨማሪ ልብስ፣ ጥላ ያለው ኮፍያና ውኃ አይለያችሁ።

ውኃውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለመዋጥ የሚቸገር ልጅ እየተንገጫገጨ ከጠጣ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ቁሙ፣ ቀና አድርጉት፣ ቀስ ብላችሁ ስጡት። ውድድሩን የምትጨርሱበት ሰዓት ቢበላሽ ይበላሽ። መድኃኒት የሚወስድበት ሰዓት ከውድድሩ ጋር ከተጋጨም ሐኪሙን ቀድማችሁ አማክሩ።

ወንበሩን ሳይገፉ መለማመድ። የገፊ እጅ እንደ ሌላው ሯጭ አይወዛወዝም፤ ትከሻና ወገብ ቶሎ ይዝላሉ። ዲክ፣ ልጁ ትምህርት ቤት በሚሆንበት ጊዜ የሲሚንቶ ከረጢት ወንበሩ ላይ ጭኖ ይለማመድ ነበር። ልጁም ልምምድ ያስፈልገዋል። ለረጅም ሰዓት ታስሮ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ከአጭር ርቀት ጀምራችሁ ጨምሩ።

አዘጋጆቹን ሳይጠይቁ መምጣት። ሆይቶች ራሳቸው የቦስተን ማራቶንን መጀመሪያ የሮጡት ያለ ይፋዊ ምዝገባ ነው። ዛሬ ብዙ ውድድሮች በጥንድ ለሚሮጡ ምድብ አላቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ስትመዘገቡ ለሁለታችሁም ቁጥር ጠይቁ።

እንደጨረሱ ለፎቶ መቆም። መጀመሪያ ልጁን ከወንበሩ አውርዱት። እርጥብ ልብሱን ቀይሩ። መቀመጫውን፣ ጀርባውን፣ ተረከዙን፣ ቀበቶ ያረፈበትን ሁሉ እዩ። የቀላ ቆዳ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ መቀመጫው ጎድቶታል ማለት ነው። ቆዳው እስኪያገግምና ወንበሩ እስኪስተካከል ድረስ ልምምድ የለም።