በገጠር ቀበሌ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎትን ለማስፋት ምን ይደረግ?

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበሩበት 6 በመቶ በ2016 ወደ 35 በመቶ ከፍ ያሉት፣ በአብዛኛው አገልግሎቱ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አማካይነት እስከ ቀበሌ በመውረዱ ነው። ሆኖም በዚያው በ2016 ከባለትዳር ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ወሊድን ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። እነዚህን እናቶች ለመድረስ የጤና ኬላው አሠራር መስተካከል አለበት።

ሥራው የሚጀመረው ከስብሰባ ሳይሆን ጤና ኬላው የየቤተሰቡን የጤና መረጃ ከሚይዝበት የቤተሰብ ማህደር ነው። ዓመት ያልሞላው ልጅ ያላቸውንና የወሊድ መከላከያ መርፌ ቀጠሯቸው ያለፈባቸውን እናቶች ለይቶ በየጎጡ መመዝገብ፣ የቤት ለቤት ጉብኝቱንም በዚሁ ዝርዝር መምራት ይገባል። ለወለደች እናት ምቹው ጊዜ ሕፃኑ የ45 ቀን ክትባት የሚወስድበት ነው፤ የምታጠባ እናት የሦስት ወሩን መርፌ መጀመር የምትችለው ስድስት ሳምንት ሲሞላት በመሆኑ ሁለቱ ይገጥማሉ። ክትባቱና ምክሩ በተለያየ ቀን ከተሰጡ ግን ሕፃን አዝላ ሁለት ጊዜ መንገድ እንድትመታ ትገደዳለች።

«የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ብሎ መሸኘት መቅረት አለበት። ባለሙያዋ የመጨረሻው የወር አበባ የመጣው ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ መሆኑን፣ ከወለደች አራት ሳምንት ያልሞላት መሆኑን፣ ከመጨረሻው የወር አበባ ወይም ከወሊድ ወዲህ ግንኙነት አለማድረጓንና የመሳሰሉትን ጠይቃ፣ ለአንዱ እንኳ «አዎ» የሚል መልስ ካገኘችና የእርግዝና ምልክት ካላየች አገልግሎቱን በዕለቱ መስጠት ትችላለች። የመርፌ ቀጠሮ ያሳለፈችም እስከ አራት ሳምንት ድረስ ያለ ተጨማሪ ጥንቃቄ ትወጋለች። ምክሩ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ይሰጥ፤ ካርዱን ወደ ቤት መውሰድ ለማትፈልግ ሴትም ጤና ኬላው ያስቀምጥላት። ባሎችን በዕድርና በእርሻ ማኅበር በኩል ማወያየት ይጠቅማል፣ ነገር ግን የባል ፈቃድ ለአገልግሎቱ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ከቶ አይገባም።

ከሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባለው በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢምፕላኖን የተባለው የዚህ ዓይነት የሦስት ዓመት መከላከያ በጤና ኬላ እንዲቀበር ሲደረግ፣ ማውጣቱ ግን በአብዛኛው ለጤና ጣቢያ የተተወ ሆነ። ሦስት ዓመቱ የሞላባት ወይም የደም መፍሰስ ያስቸገራት ሴት ከጤና ጣቢያ «አውጪው የለም» ተብላ ብትመለስ፣ ጎረቤቶቿ ክንዳቸውን ለመስጠት ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። ስለዚህ በሚቀበርበት ዕለት የማውጫው ወርና ዓመት በካርዷና በመዝገቡ ይጻፍ፣ ሳይሞላም ማስወጣት መብቷ እንደሆነ ይነገራት። ጤና ጣቢያውም የሠለጠነ ባለሙያ ከነመሣሪያውና ከነማደንዘዣው የሚገኝበትን ቋሚ ቀን ወስኖ፣ በገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ለየጤና ኬላው አስቀድሞ ያሳውቅ።