ጨጓራዬ ነው ብዬ ነበር

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የገባሁት ህዳር ላይ ነው። ጥር ሳይወጣ ጨጓራዬ ተነሳ። እሱስ የቆየ ወዳጄ ነው፣ ችላ አልኩት። ቀጥሎ አንገቴ ደረቀ፣ እንቅልፍ ጠፋ። አንድ ማታ 4 ሰዓት ገደማ፣ ዲሲ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ትንፋሽ አጠረኝ። ጣቶቼን ነዘረኝ። በቃ ሞትኩ አልኩ። "እናቴ ሬሳዬን በምን ገንዘብ ታስመጣው ይሆን?" ብዬ ማሰቤን እስካሁን አልረሳሁትም።

ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ። ልቤን በማሽን አዩ፣ ደም ቀዱ፣ ራጅ አነሱ። ሐኪሟ "ልብህ ጤነኛ ነው፣ ጭንቀት ነው" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። አስመሳይ ያለችኝ መሰለኝ።

ሕመሙ ግን እውነተኛ ነበር። ሰውነት ስጋት ሲሰማው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል። ውሻ ሲያባርራችሁ ይሄ ያድናል። የመኖሪያ ወረቀት ቀጠሮ ስትጠብቁ ግን የሚሮጥበት የለም። ተወጥራችሁ ታድራላችሁ፣ ተወጥራችሁ ትነሳላችሁ። የጣቶቼ መንዘርም ምክንያት ነበረው፦ ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ይቀንሳል፣ ያኔ ጣትና ከንፈር ይነዝራል።

እኛ ደግሞ "ተጨነቅኩ" ማለት አይሆንልንም። "ጨጓራዬን"፣ "ራሴን"፣ "ወገቤን" እንላለን። ሐኪሙም የጨጓራ ክኒን ሰጥቶ ይሸኘናል። ስለዚህ ስትሄዱ ሙሉውን ንገሩት፦ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ መቼ እንደመጣችሁ፣ ማን አገር ቤት እንደቀረ። ሁሉም ጭንቀት ነው ብላችሁም አትደምድሙ። ጨጓራ በባክቴሪያ ይታመማል፤ እንቅርትና ደም ማነስም ልብ ያስመታሉ። አስመርምሩ። ደም ግፊታችሁንም ተለኩ። እዚህ 130 በ80 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል፣ ምንም ሳያማችሁም ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝኛ ቢያስቸግራችሁ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" በሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። በልጃችሁ አታስተርጉሙ! የአሥር ዓመት ልጅ "አባቴ ሌሊት ያለቅሳል" ብሎ ለሐኪም መናገር የለበትም። ወሬው ሰፈር ይደርሳል ብላችሁም አትፍሩ። አስተርጓሚው ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ብዙ ጊዜም በስልክ ከሌላ ስቴት ነው የሚያወራው።

ስለ ገንዘቡም ላንሳ፣ ምክንያቱም የእኔ የሆስፒታል ቢል ሲመጣ ልቤ እንደገና ድው ድው ብሏል። ደንግጬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ትልቁ ስህተቴ እሱ ነው። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው የክፍያ እርዳታ መመሪያ እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል። ደውላችሁ "ፋይናንሻል አሲስታንስ" በሉ፣ ፎርም ይሰጧችኋል። ለዘወትሩ ደግሞ እንደ ገቢያችሁ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ።

አንድ ነገር ግን፦ ደረታችሁን ተጭኖ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ ከተዛመተ፣ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃችሁ፣ "ጭንቀት ነው" እያላችሁ አትጠብቁ። 911 ደውሉ። መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ደግሞ 988 ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

እኔን የጠቀመኝ ነገር ተራ ነው። ልቤ ሲነሳ በአፍንጫዬ እስከ አራት እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። አምስት ደቂቃ ብቻ። መጀመሪያ ላይ ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ፣ በብርዱም። ቡና ተዉ አልልም፣ ማን ይደፍራል? ግን ከጠጣችሁ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ ካፌይን ደማችሁ ውስጥ አለ፤ ሦስተኛውን ስኒ ማታ ሥራ ላይ መጠጣት እንቅልፍን መሸጥ ነው። ቡናውን ቀን፣ ከሰው ጋር ጠጡት። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ሂዱ፣ ፀበሉንም ጠጡ። ክኒን የታዘዘለት ሰው ግን ክኒኑን በራሱ አያቁም።

ከሁሉም የከበደኝ ስልኩ ነው። ከሥራ ወጥቼ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ አዲስ አበባ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ያኔ ነው ሁሉም የሚደውለው። የታመመ አለ፣ ኪራይ የጨመረበት አለ። በመጨረሻ ለቤተሰቡ ቁርጡን ተናገርኩ፦ በወር የምልከው ይሄ ነው፣ የምናወራው ቅዳሜ ነው። ለሁለት ሳምንት አኮረፉኝ። ሦስተኛው ቅዳሜ እናቴ ደወለች፣ ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አላነሳችም፣ "እንቅልፍ እንዴት ነው?" ነበር ያለችኝ።