የፊኛ ጠጠር ለሚያስቸግረው ውሻ
ውሻችሁ የፊኛ ጠጠር እየተመላለሰ ካስቸገረውና ውሃ መጠጣት ካልወደደ፣ ውሃውን ከምግቡ ጋር አብሉት። ደረቁ ምግብ ላይ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱና 10 ደቂቃ ያህል ተዉት፤ ፍሬዎቹ አብጠው በጣት ሲጫኗቸው ይፈርሳሉ። ሙቀቱ ሽታውን ስለሚያወጣው መራጭ ውሻ እንኳ ሳህኑን ይልሳል። ሽንቱ ሲቀጥን ማዕድናቱ ተጣብቀው ጠጠር መሥራት ይከብዳቸዋል፤ ቢጫነቱ እየደበዘዘ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ታዲያ ቶሎ ቶሎ አውጡት፣ ሽንት ይዞ መዋል የለበትም። በውሃው ፈንታ ለሰው የተሠራ መረቅ እንዳትጨምሩ አደራ፤ ሽንኩርት ሊኖርበት ይችላል፣ ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው።

ይህ የተሠራውን ጠጠር አያጠፋም። ስትሩቫይት የሚባለው የጠጠር ዓይነት በሐኪም በታዘዘ ምግብ ሊሟሟ ይችላል፤ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ዓይነት ግን በምግብ አይሟሟም። እያማጠ ሽንት እምቢ ካለው ሳታድሩ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።