«ተያዥ ይሁኑልኝ» ሲባሉ እውነቱን እንዴት ይናገራሉ?

የእህትዎ ልጅ ይደውላል። «ጋሼ፣ ሥራ አገኘሁ፤ ገንዘብ ያዥነት ነው። ተያዥ አምጣ ብለውኛል።» ልብዎ እምቢ ብሏል፤ አፍዎ ግን «እስቲ እናያለን፣ ችግር የለውም» ይላል። ይሉኝታ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ልጁ «እናያለን»ን የሚሰማው እንደ እሺታ ስለሆነ ሌላ ሰው መፈለጉን ይተዋል። የተሰጠው ቀን አልፎ ሥራው ሲያመልጠው የሚመጣው ቅያሜ፣ በመጀመሪያው ቀን እምቢ ቢሉት ከሚመጣው ይብሳል።

ስለዚህ ቀን ቆርጠው ይንገሩት፦ «ነገ ማታ እደውልልሃለሁ፤ እስከዚያ ሌላም ሰው ጠይቅ። ቅጹን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ።»

ቅጹ ላይ የገንዘቡን ጣሪያና የዋስትናውን ዘመን ይፈልጉ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለበት መሥሪያ ቤቱ ልጁን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም፤ ይህ ግን ፍርድ ቤት ቆሞ ለመከራከሪያ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ «ምን ችግር አለው» ብሎ ለመፈረም አይደለም። ከዚያ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ይህ ገንዘብ ጎድሎ እኛ ብንከፍል፣ በዓመት በዓል ከልጁ ጋር አንድ ትሪ እንቀርባለን?

መልሱ እምቢ ከሆነ በመልእክት ሳይሆን ደውለው ወይም በአካል ይንገሩት። «ደሞዜ ታግዷል» አይበሉ፤ እህትዎ የሥራ ባልደረቦችዎን ታውቃለች። «ባለቤቴ አልፈቀደችም» ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቂሙን ለእሷ ያሸክማል። «አላምንህም ማለቴ አይደለም» ብለውም አይጀምሩ፤ ልጁ ያላሰበውን እንዲያስብ ያደርጉታል። እውነተኛው ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦

«ልጄ፣ ተያዥ ልሆንህ አልችልም። የቤት ብድር እየከፈልኩ ነው፤ ጉድለት ቢመጣ የምከፍለው የለኝም።»

ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ሲከብድ አዲስ ምክንያት መደርደር ይመጣል፤ ምክንያት በበዛ ቁጥር ልጁ አንዱን እየመዘዘ ይከራከራል። መርዳት ከፈለጉ መሥሪያ ቤቱ ከመድን ድርጅት የሚመጣ ዋስትና ይቀበል እንደሆነ አብረውት ያጣሩ። በጸጸት «ገንዘብ ልስጥህ» ማለት ግን ሌላ ይሉኝታ ነው።

በማግስቱ እህትዎ ትደውላለች። ለእሷም ያንኑ ቃል ይድገሙ፦ «ለእሱ ያልኩትን ነው ለአንቺም የምልሽ።» ለልጁ ብድር፣ ለእናቱ ሕመም ካሉ ሁለቱም ውሸት ይሆናሉ።

በግማሽ ልብ እሺ ካሉ ግማሽነቱ ወረቀቱ ላይ ይስፈር፦ መጠኑ በአኃዝና በፊደል፣ ዘመኑ ለምሳሌ 1 ዓመት ተብሎ። ባዶ ቦታዎቹን በመስመር ሰርዘው ይፈርሙ፤ ቅጂም ይያዙ።

በይሉኝታ አስቀድመው ፈርመው ከሆነ መጀመሪያ ለልጁ ይንገሩና ተተኪ የሚፈልግበት ቀን ይስጡት። ቀጥሎ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂዎ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። መውረድዎን በጽሑፍ እስኪያረጋግጡልዎ ድረስ አሁንም ተያዥ እንደሆኑ ይቁጠሩ፤ ከዚያ በፊት የጎደለውን ሊጠየቁ ይችላሉ።